የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ደኅና ነውን?

ኤሌክትሪክ ለሰው ልጅ የሚሰጠው አገልግሎት ከመብዛቱ የተነሣ ጠባዩን ወደ መርሳት ደርሰናል። እሳት ሲነድ ይታያል፤ ሙቀቱም ይሰማል፤ ስለዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ አንድ ጊዜ ከለበለበው ዳግመኛ አይጠጋውም። ጎርፍም ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ኤሌክትሪክ ግን ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍም ድምፁ አይሰማም። መኖሩ የሚታወቀው መብራቱ ሲበራ፣ ሞተሩ ሲዞር፣ አለዚያም የሰውን እጅ ሲይዝ ነው። ሰው በዓይኑ የማያየውን አደጋ በግምት ብቻ ሊጠነቀቀው አይችልም። የማይታየውን ነገር በመሣሪያ መለካትና በሥርዓት መመርመር ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ቦታ የሚገኙ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን በየጊዜው ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ማስረዳት ነው። ተንቀሳቃሽ የምንላቸው በገመድና በስፒና ከሶኬት ጋር የሚገናኙትን መሣሪያዎች ነው። ካውያ፣ ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የቡና መፍጫ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ኮምፒዩተርና ሌላው ቀርቶ የማራዘሚያው ገመድ ራሱ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እነዚህን መሣሪያዎች በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በጋራዥ፣ በልብስ ስፌት ቤትና በጽሕፈት ቤት እናገኛቸዋለን። የሚይዛቸውም ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ትምህርት የሌለው ነው። ስለዚህ ደኅንነቱን ለዕድል መተው ተገቢ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት ከአገራችን ድንበር ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ጁባ እንሻገር። ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ፣ ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የዚያች አገር ዋና ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ሄደው ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተዋል፤ በንግድና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራም ይተዳደራሉ። ከከተማዋ ሠፈሮች አንዱ አማራት ይባላል። ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ከአማራ ስም ጋር የተያያዘ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ቃሉ የዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም «ሕንፃዎች» ማለት ነው። በካርቱም ከተማም በዚሁ ስም የሚጠራ ሠፈር ይገኛል። አማራትን ለምሳሌነት የመረጥነው የተለየ ጥፋት ስለ ተገኘበት አይደለም። ሠራተኛው፣ መሣሪያውና የኃይሉ ምንጭ ከየአቅጣጫው በሚሰባሰቡበት እንደ ጁባ ባለ ከተማ የምርመራ አስፈላጊነት ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ጁባ ለብዙ ዓመታት ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአመዛኙ በየግቢው ከሚቆሙ ጄኔሬተሮች ነበር። በ2012 ዓ.ም. 33 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የነዳጅ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከተማው መሥመር ለብዙ ቤቶችና ድርጅቶች ደርሷል። ቢሆንም መሥመሩ ያልደረሰላቸውም ሆነ ኃይል ሲቋረጥ ሥራቸው እንዳይስተጓጎል የሚፈልጉ ድርጅቶች ጄኔሬተርን አልተዉም። ስለሆነም አንድ መሣሪያ ጧት ከከተማው መሥመር፣ ማታ ከጄኔሬተር ኃይል ሊወስድ ይችላል። ከሁለት ምንጭ የሚሠራ ቤት ሁለት ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በመሠረቱ በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መሥመር አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ብዙ ሰው አይነካውም። ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ግን በቀን ውስጥ በብዙ እጅ ያልፋል። ገመዱ ይጎተታል፤ በበር ሥር ይጨፈለቃል፤ የጋለ ብረት ይነካዋል፤ ውኃ ይፈስበታል። ስፒናውን በመያዝ ፈንታ ገመዱን ስቦ የሚነቅል ሰው በነቀለ ቁጥር በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ጥቂት በጥቂት ይበጥሳቸዋል። ገመዱ ሲላጥ በናስትሮ ይጠቀለላል፤ ናስትሮው ሲላላ ሌላ ናስትሮ ይደረብበታል። በዚህ ዓይነት ጉዳቱ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይድንም። መሣሪያው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሥራውን አያቋርጥም። ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ነው።

ለምሳሌ ያህል የብረት አካል ያለውን አንድ ካውያ እንመልከት። በገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይሉን የሚያመጡና የሚመልሱ ናቸው፤ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው። የመሬት ሽቦው ካውያውን አያግለውም፤ ልብስም ለመተኮስ አይረዳም። ተግባሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በውስጥ ያለው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ የካውያውን ብረት ቢነካ፣ ኃይሉን ወደ መሬት አሳልፎ ፊውዙ እንዲቃጠል ወይም ብሬከሩ እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። ታዲያ ይህ ሽቦ ቢበጠስ ካውያው እንደ ቀድሞው ይግላል፤ ልብሱም እንደ ቀድሞው ይተኮሳል። ጠባቂው መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ከዚያ በኋላ ኃይል ያለው ሽቦ ብረቱን በነካ ዕለት የመሬት ሽቦውን ቦታ የሚይዘው የተኳሿ ገላ ይሆናል። ስለዚህ «መሣሪያው ይሠራል» ማለትና «መሣሪያው ደኅና ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመሬት ሽቦው ሳይበጠስም አገልግሎቱ ሊቀር የሚችልበት መንገድ አለ። በኢትዮጵያ የተለመደው ስፒና ሁለት ክብ እግር ያለው ሲሆን፣ የመሬቱ መገናኛ በጎኑ ላይ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ የተለመደው ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ስፒና ነው። ጁባ ዕቃ የሚገባላት ከእነዚህ ሁሉ አገሮችና ከሩቅ ምሥራቅም በመሆኑ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ስፒናና ሶኬት ባይስማሙ አያስደንቅም። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። የሶኬቱ የመሬት ቀዳዳ በእንጨት ወይም በብዕር ክዳን ይጫንና ባለ ሁለት እግሩ ስፒና በግድ ይገባል፤ አለዚያም ስፒናው ተቆርጦ የተላጠው ሽቦ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል። መብራት ይበራል፤ ማቀዝቀዣውም ያቀዘቅዛል። ነገር ግን በስፒናው ጎን ያለው የመሬት መገናኛ በእንግሊዙ ሶኬት ውስጥ የሚነካው ነገር የለውም። በፋብሪካ በጥንቃቄ የተሠራው ጥበቃ በአንዲት ስንጥር እንጨት ፈረሰ ማለት ነው።

ሌላው ችግር ከአቅም በላይ መጫን ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ ኃይል ይወስዳል። ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይሆናል። የእንግሊዙ ስፒና የተሠራው ከ13 አምፔር ላልበለጠ ነው፤ በውስጡም ይህንኑ የሚጠብቅ ፊውዝ አለው። እንግዲህ አንድ ምጣድ ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ ተወስዶ በዚህ ስፒና ቢገጠም ፊውዙ እየደጋገመ ሊቃጠል ይችላል። ፊውዙ ተቃጠለ ማለት እውነቱን ተናገረ ማለት ነው። ችኩል ሰው ግን ፊውዙን አውጥቶ በቦታው የሽቦ ቁራጭ ወይም ምስማር ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ፊውዙ መናገሩን ያቆማል፤ ገመዱ ግን መጋሉን አያቆምም። በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ላይ ሲሆን፣ በተለይም ገመዱ እንደ ተጠቀለለ ከተተወ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑ ይቀልጣል። ብዙ ጊዜ «በኮንታክት የተነሣ ቃጠሎ» እየተባለ የሚነገረው አደጋ በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ ሲዘጋጅ የቆየ ሊሆን ይችላል።

አደጋው በሰው አካል ላይ ሲደርስ ምን ያህል ኃይል ለጉዳት እንደሚበቃ ማወቅ ይገባል። ቆዳው የረጠበ ሰው የአካሉ ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ዝቅ ሊል ይችላል። 220 ቮልት ለ1,000 ኦም ሲካፈል 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሰው 1 ሚሊአምፔር ገደማ ሲያልፍበት ንዝረቱ ይሰማዋል። ወደ 10 ሚሊአምፔር ሲደርስ ጡንቻዎቹ ስለሚኮማተሩ የያዘውን ነገር መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ የሆነው በደረቱ በኩል ካለፈና ጥቂት ከቆየ ትንፋሽን ሊያግድ፣ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል። አንድ የ60 ዋት አምፑል እንኳ ለመብራት ወደ 270 ሚሊአምፔር ይወስዳል። እንግዲህ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ኃይል አንዲት አምፑል ከምትፈልገው እጅግ ያነሰ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

«ብሬከር ስላለን አያሰጋንም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ተራው የ16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ገመዱ ግሎ እንዳይቃጠል ለመከላከል ነው። 16 አምፔር 16,000 ሚሊአምፔር ማለት ሲሆን፣ ከላይ ከተጠቀሰው ከ30 ሚሊአምፔር ከ500 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰው ኮረንቲ ይዞት እየተሠቃየ ብሬከሩ ምንም እንዳልሆነ ዝም ሊል ይችላል። ሰውን ለመጠበቅ የተሠራ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ፤ እርሱም በሚመጣውና በሚመለሰው ኃይል መካከል የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ሲያገኝ በቅጽበት ይቆርጣል። ቢሆንም ቤቱ ከጄኔሬተር ጋር ሲያያዝ የመሬቱና የኑሉ ሽቦ አያያዝ በባለሙያ ካልተረጋገጠ ይህም ብሬከር እንደሚገባው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ጥበቃ መኖር ሌላውን ከመመርመር ነጻ አያደርግም።

አሁን ወደ ሰዉ እንመለስ። አንዲት ሠራተኛ «እትዬ፣ ካውያው ይነዝረኛል» ብላ ለአሠሪዋ ስትናገር የምታገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ነጠላ ጫማ አድርገሽ ተኩሺ» የሚል ነው። ይህ ምክር ከክፋት የመነጨ ላይሆን ይችላል፤ እትዬም ራሳቸው በዚያው ካውያ ሲተኩሱ ኖረው ይሆናል። ሆኖም የነገሩ ፍሬ ሲታይ፣ መጠገን የሚገባው ካውያ ሳለ ጠባዩን እንድታስተካክል የታዘዘችው ሠራተኛዋ ናት። «ይነዝረኛል» የሚለው ቃል አቤቱታ ብቻ አይደለም፤ የምርመራ ውጤት ነው። ሠራተኛዋ በገዛ አካሏ መሣሪያውን መርምራ ብልሽቱን አገኘች ማለት ነው። የሰው አካል ግን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሊሆን አይገባውም። ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሥራውን እንዳያጣ ስለሚፈራ ብዙ ጊዜ ይህንኑ እንኳ ሳይናገር ይቀራል። ዘመዶቹ ርቀው ሳሉ ለሚደርስበት ጉዳት የሚቆምለትም ጥቂት ነው። ስለዚህ ደኅንነቱ በእርሱ አቤቱታ ላይ ሳይሆን በአሠሪው ሥርዓት ላይ መመሥረት አለበት።

ምርመራው ሰዎች እንደሚያስቡት የረቀቀ አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ማየት ነው። ስፒናው ተሰንጥቋል ወይስ ደኅና ነው? ገመዱ የተላጠ፣ የተጠማዘዘ ወይም በናስትሮ የተጠገነ ቦታ አለውን? የመቃጠል ጠባሳ ይታያልን? በስፒናው ውስጥ ያለው ፊውዝ ለመሣሪያው የሚገባው ነውን? ይህን ሁሉ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ጥቂት ትምህርት የተሰጠው ማንኛውም ሠራተኛ ሊያየው ይችላል። ከጉድለቶቹም አብዛኞቹ በዚሁ እርምጃ ይገኛሉ። ሁለተኛው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው ከስፒናው የመሬት መገናኛ እስከ መሣሪያው ብረት ድረስ ሽቦው ሳይቋረጥ መድረሱን ይለካል፤ ተቃውሞውም ከገመዱ ሽቦ ተቃውሞ ጋር ተደምሮ ከአንድ ኦም ጥቂት ክፍልፋይ መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ ሜገር በተባለው መለኪያ 500 ቮልት ሰጥቶ ሽፋኑ ኃይል የማያሳልፍ መሆኑን ያረጋግጣል፤ የመሬት ሽቦ ላለው መሣሪያ ውጤቱ በተለምዶ ከ1 ሚሊዮን ኦም ማነስ የለበትም። በባትሪ የሚሠራው ተራ መለኪያ ይህን ሁለተኛውን ልኬት አያስተማምንም፤ በትንሽ ቮልት የማይታይ ድካም በትልቅ ቮልት ይጋለጣልና።

የተመረመረው ሁሉ በመዝገብ መጻፍ አለበት። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተመረመረበት ቀን፣ የመርማሪው ስምና ውጤቱ ይጻፋል፤ በመሣሪያውም ላይ ምልክት ይለጠፋል። ጉድለት የተገኘበት መሣሪያ «ነገ ይሠራል» ተብሎ ጥግ ቢቀመጥ ሌላ ሰው አንሥቶ ይሰካዋል። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ ተቆልፎበት መቀመጥ፣ የማይጠገን ከሆነም ስፒናው ተቆርጦ መወገድ ይገባዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚህ ጉዳይ የወረቀት አለመልቀቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሠራተኛና አሠሪ ቢለዋወጡም የመሣሪያው ታሪክ ተጽፎ ይቀራልና።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቢያንስ ሦስት ነው። የመጀመሪያው «ወጪው ከባድ ነው» የሚል ነው። የማየቱ ምርመራ ግን ከጥቂት ደቂቃ በቀር ወጪ የለውም። የባለሙያው ዋጋም ቢሆን ከአንድ ቃጠሎ ኪሣራ ጋር አይወዳደርም፤ ከሰው ሕይወት ጋርማ የሚነጻጸር ዋጋ የለም። ሁለተኛው «ይህን ያህል ዓመት ስንሠራበት ምንም አላደረገንም» የሚል ነው። ዓመታት ማለፋቸው ግን የመሣሪያውን ማርጀት ያስረዳል እንጂ ደኅንነቱን አያስረዳም። ሦስተኛው «ምርመራ ወረቀት ማብዛትና ምልክት መለጠፍ ብቻ ይሆናል» የሚል ነው። ይህኛው ተቃውሞ እውነት አለበትና ሊደመጥ ይገባዋል። በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከማይነቃነቅ ኮምፒዩተርና በእርጥብ ወጥ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚያዝ መፍጫ ላይ እኩል ጊዜ ማጥፋት አስተዋይነት አይደለም። የምርመራው ጊዜ መወሰን ያለበት በአደጋው መጠን ነው። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ፣ በውኃ አጠገብ ያለ ወይም ብዙ የሚንገላታ ከሆነ ምርመራው ይደጋገማል፤ አለዚያ ይራራቃል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። ብሪታንያ በፋብሪካዎች ስለሚደረግ የኤሌክትሪክ አጠቃቀም ልዩ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ደንብ ደግሞ በሥራ ቦታ የሚገኝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አደጋ እንዳያደርስ ሆኖ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያስገድዳል፤ ነገር ግን ሁሉም መሣሪያ በየዓመቱ ይለካ ብሎ አያዝም። ግዴታው የደኅንነት ነው፤ ልኬቱ ግን ለዚያ መንገድ ነው። በዚያው አገር ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በለንደን ግሬንፌል ታወር በተባለው የመኖሪያ ሕንፃ በተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተዋል። አጣሪው ጉባኤ እሳቱ የተነሣው በአንድ ወጥ ቤት ከነበረ ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት መሆኑን ገልጿል። እሳቱን ያዛመተው የሕንፃው የውጭ ልባስ ቢሆንም፣ መነሻው አንድ ተራ ዕቃ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአገራችንም ቢሆን ጉዳዩ ሕግ የሌለው አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሥራው ቦታና የሥራው ሂደት ለሠራተኛው ጠንቅ እንዳይሆን የመጠበቅን ኃላፊነት በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በሚሠራበት መሣሪያ ላይ ያገኘውን ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። በጁባ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሚተዳደረው በዚያው አገር ሕግ ነው፤ ደቡብ ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2017 የራሷን የሥራ ሕግ አውጥታለች። ይሁን እንጂ የሕግ መኖር ብቻውን የተበጠሰ ሽቦ አይቀጥልም። መርማሪ መንግሥት እስኪልክ የሚጠብቅ አሠሪ ሠራተኛውን ለአደጋ ትቶ የሚጠብቅ ነው።

በእኔ አስተያየት በአማራትም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገኙ አነስተኛ ድርጅቶች ይህን ሥራ በኅብረት ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ ምግብ ቤት ብቻውን ሜገር ለመግዛት አይችል ይሆናል፤ ዐሥር ጎረቤታሞች ግን አዋጥተው መለኪያውን ሊገዙ፣ ብቃቱ የታወቀ ባለሙያም በተወሰነ ጊዜ ሊያስመጡ ይችላሉ። ለዚህ እንግዳ የሆነ አደረጃጀት አያስፈልገንም። ዕቁብና ዕድር ሕዝባችን በደረሰበት ሁሉ ይዟቸው የሚሄዳቸው ልማዶቹ ናቸው። ለቀብር የሚያዋጣ ሕዝብ ቀብርን ለሚከላከል ምርመራ ማዋጣት አያቅተውም። በዚህም ላይ ሦስት ነገሮች ቢጨመሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ መሣሪያ ስፒናው ከቤቱ ሶኬት ጋር እንዲስማማ በባለሙያ ሳይለወጥ ሥራ ላይ አይዋል። ሁለተኛ፣ «ይነዝራል» የተባለ መሣሪያ በዚያችው ደቂቃ ይነቀል። ሦስተኛ፣ ጉድለት ያመለከተ ሠራተኛ ይመስገን እንጂ አይገሠጽ።

ይህ ጉዳይ ለተማሪዎችም ሩቅ አይደለም። የዛሬ ተማሪ ነገ ሠራተኛ፣ ከነገ ወዲያም አሠሪ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ በእጅ ሥራ ክፍሉና በመምህራን ማረፊያው ያሉት መሣሪያዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም የስንቱ ገመድ በናስትሮ እንደ ተጠገነ ሳይነካ አይቶ መቁጠርና ለኃላፊው ማስታወቅ ይችላል። የኦምን ሕግ ለፈተና ሸምድዶ የተላጠ ገመድ ረግጦ የሚያልፍ ሰው ግን ሕጉን ተማረ ለማለት ያስቸግራል።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳቱ በዓይን ለሚታይበት ዘመን ነበር። ኤሌክትሪክ ግን ሳይታይ ይመጣልና ጥንቃቄው ከዚያ የበለጠ ሊሆን ይገባዋል። ብልሽቱን ሽቦው፣ ስፒናው ወይም ፊውዙ በሚናገርበት ጊዜ የሰማ አሠሪ በጥቂት ገንዘብ ይጠግነዋል። ያን ጊዜ ያልሰማ ግን ብልሽቱን የሚያውቀው ሠራተኛው ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አሠሪ ለሠራተኛው መሣሪያ ከመስጠቱ በፊት «ይሠራልን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «መቼና በማን ተመረመረ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣም መሣሪያውን ለሰው እጅ አይስጥ።